ለእንድሪስ እሳት የገዛኋት ፋስ

ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ወገቡን እየለካሁት «ወሎ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ይበርዳል» ብዬ አልፈዋለሁ። ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ የሚሰማው ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት፤ የፈለገ ተቀምጦ ያንብበው።

አዳማ ተወልጄ አዳማ ላይ ያረጀሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመሀል ጥቂት ዓመታት ጅዳ ከርሜያለሁ። እንድሪስን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ማሽን ይዘን ስንሰፋ። እሱ የመካነ ሰላም ዙሪያ ሰው ነው፣ እስላም። እኔ ክርስቲያን። እሱ ሲሰግድ እኔ ማሽኔን አቆም ነበር፤ እኔ ስጾም እሱ ሥጋውን ደጅ ወጥቶ ይበላ ነበር። አንድ ቀን መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የሚለቅሙ ፖሊሶች ቤቱን ከበቡት። ከጣሪያ ዘለልኩና ግራ እግሬ ተሰበረ። እንድሪስ አጥሩን አልፎ ነበር፤ ያመለጠ ሰው ነበር። ተመልሶ መጣና አዘለኝ። እኔን አዝሎ የት ሊደርስ? ሁለታችንም ተያዝን፣ ሁለታችንም ወደ አገር ተጠረዝን። እግሬ ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ እሱ ወላጆቹ መንደር ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኔ ለዒድ እደውላለሁ፣ እሱ ለፋሲካ ይደውላል።

ኅዳር ላይ እህቱ ዘሀራ ደወለች።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው» አለች። ደረቱን ነው፤ ደም ያስለዋል፤ አልጋ ከያዘ ሰንብቷል። ሐኪም ቤቱ ያለው መካነ ሰላም ነው። መኪና እነሱ ዘንድ አይደርስም። በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ሜዳው ላይ በውርጭ አድሮ ነው የሚወረደው። «ሰው ለምኜ ነበር፤ እሱ መለሳቸው። ጎረምሳው ሁሉ ዐረብ አገር ገባ፤ የቀሩት ሽማግሎች ናቸው። እኔን ተሸክመው ሜዳ ላይ በብርድ አይለቁ ይላል። የእርስዎን ቃል ይሰማል፤ በአላህ ይምጡና ይዘውልኝ ይውረዱ።»

በማግስቱ ሱቁን ዘጋሁ።

ሰኞ

በሸዋ በኩል ያለው መንገድ አያስተማምንም ስለተባለ አውቶቡሱ በአፋር በረሃ ዞረ። እስከ አዋሽ ድረስ የራሴው አገር ነው፤ ሙቀቱም አቧራውም ይመለከተኛል፤ አላማረርኩም። ከዚያ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ተቀያሪውን ሲያወጣው እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ከአንዲት ግራር ሥር ተጠጋግተን እንደ በግ ቆምን። ሰው ሁሉ ስለ ጎማው ይሳደባል፤ እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ሰዓት ከእንድሪስ ትንፋሽ ላይ የሚቀነስ ይመስለኝ ነበር። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቆሞ ጎማ አዋሰን፤ ውኃውንም በጄሪካን ሰጥቶን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ደሴ ስንገባ መሽቷል። ከተማው ሁሉ ዳገት ነው፤ አዳማ ዳገት የምንለው ነገር እዚህ ለልጅ መንሸራተቻ አይሆንም። ካገኘሁት አልጋ ላይ ካፖርቴን ደርቤ ተኛሁ። ከቤት ስወጣ ሚስቴ «ይቺን ካፖርት ከረሳህ አንተንም ረስተህ ና» ብላ ነበር።

ማክሰኞ

ካፖርቱን ደሴ አልጋው ላይ ረሳሁት።

ትዝ ያለኝ ጉጉፍቱ የሚባለው ተራራ ላይ ነው፤ ሚኒባሱ ጭጋግ ውስጥ ሲገባና መስታወቱ ከውስጥ ሲያልበው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰሙና የነጠላቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «አብሽር ልጄ፣ ገና ነው» አሉኝ። ማጽናናታቸው ይሁን ማስፈራራታቸው አልገባኝም። አቀስታ ላይ የድንች ወጥ በላን፤ ከመብላት ይልቅ እጄን ሳህኑ ላይ አሞቅኩበት። አዳማ ምግብ እስኪቀዘቅዝ እፍ እንላለን፤ እዚህ ሳይቀዘቅዝ ለመዋጥ እንሽቀዳደማለን።

መካነ ሰላም የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የዘሀራ ባል አያ ይመር መናኸሪያው ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ ፂማቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ ሲያወሩ ሰውን ሳይሆን ተራራውን የሚያዩ ሰው ናቸው።

«አማን ነህ ወይ? ሰላም ገባህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እሱስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ።» ወደ ተራራው ዞሩ። «ስወጣ አለ።»

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ካፖርት የሌለው መንገደኛ አይታ ራሷን ነቀነቀች። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳት። ጓዳ ገብታ አበባ ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «ልጄ ከኩዌት የላከችልኝ ነው። ላስቲኩም አልተፈታ። ለበሽተኛው ይሁን» አለች። እምቢ ብል ዓይኗ ውኃ ሞላ። ስለ ልጇ አልጠየቅኩም፤ እዚህ አገር ስለ ልጅ መጠየቅ ቁስል መንካት መሆኑ ገብቶኝ ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት አያ ይመር «መጀመሪያ ፋስ እንግዛ» አሉ። ዋሻ ውስጥ እናድራለን፤ ያለ እሳት አይታደርም። በመልሱ ደግሞ በሽተኛ ይዘን ነው እዚያው የምናድረው። የቃሬዛ እንጨትም ይቆረጣል። የእሳቸው ፋስ ቤት ናት፤ ለዘሀራ ትተውላት ነው የመጡት።

እኔ አዳማ ላይ ስለ መጥረቢያ የማውቀው የጎረቤቴ ሥጋ ቤት አጥንት ሲሰብር የምሰማውን ድምፅ ብቻ ነው። እንደ ከተሜ ቀጥ ብዬ ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ መያዣው ጥቁር ላስቲክ የሆነ የፋብሪካ መጥረቢያ ተሰቅሏል። ቀላል ነው፣ ያምራል። አያ ይመር ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ ድድ ነው፤ ጥርስ የለውም» አሉ። «ደግሞ ላስቲኩ ውርጭ ሲነካው እጅህ ውስጥ ይዞራል።»

ወጣን። ከገበያው ዳር፣ ከእህሉም ከጨርቁም ተራ ራቅ ብላ፣ አንዲት ሴት የባሏን ሥራ ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ባሏ ቀጥቃጭ ነው። ሰው ዕቃዋን ይገዛል እንጂ አጠገቧ አይቀመጥም፤ ይሄንን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ሆን ብዬ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አያ ይመር ግን ቆመው ቀሩ።

አንዱ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ትልቅ ምሳር ነበር። የአያ ይመር ዓይን እሱ ላይ አረፈ። «ይሄ ነው ፋስ። በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አንተ ማንሳት ብቻ ነው» አሉ። ትከሻዬ ላይ አኖርኩትና ወደ ጤፍ ተራው ሄጄ ተመለስኩ። ከመመለሴ በፊት የጅዳው እግሬ መናገር ጀመረ።

ሌላዋ ትንሽ ናት። ብረቷ ከመዳፌ አትበልጥም፤ ዛቢያዋ ግን ረዘም ያለ ወይራ ነው። አነሳኋት። እኛ ሰፊዎች መቀስ ስንመርጥ ማብረቅረቁን አናይም፤ ጣታችን ላይ አስተኝተን ወዴት እንደሚያጋድል እናያለን። ይቺንም ብረቱና ዛቢያው ከሚገናኙበት ሥር ጣቴን አግብቼ አየኋት። ወደ ብረቷ በልኩ ዘንበል አለች። ወደድኳት።

«የልጅ መጫወቻ ናት» አሉ አያ ይመር። «በአንድ ምት የሚበጠሰውን በሦስት ነው የምትበጥሰው።»

«ሦስቴ እመታለሁ። ዳገቱን ተሸክሟት የሚወጣው እግሬ ነው። ደግሞስ እዚያ ላይ ያለው ምን እንጨት ነው? ግንድ አለ?»

አሰቡ። «የለም። አስታ ነው፣ የደጋ ቁጥቋጦ። ክንድ የሚያክል አይገኝም።»

«እንግዲያ ክንድ ለማያክል ምሳር ምን ያደርግልናል?»

ሳቁ፤ በጉዞው ሁሉ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ፋሷን ተቀብላ ዛቢያዋን ድንጋይ ላይ ወደ ታች ደጋግማ ነረተችው፤ ብረቱ ቁጭ አለ። ከላይ ትንሽ የብረት ሽብልቅ መታችበት። «ውኃ ውስጥ አይንከሯት፤ ሲደርቅ ትላላለች» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ሥራ ነው ጋሼ?»

«ለእሳት እንጨት። ለበሽተኛ።»

«ለእሳት ከሆነ ደግ ነው። አላህ ለእሳት ብቻ ያድርግላት» አለች። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

ለስለቷ አፎት ሰፋሁላት። ኪሴ ውስጥ መርፌና ክር የሌለ ቀን የለም፤ ሸራ ከጫማ ሰፊ ለመንኩና ይዞን የሚወጣው አይሱዙ የጭነት መኪና እስኪሞላ ድረስ ጨረስኩት። ጫኚዎቹ ፋስ ልብስ ሲሰፋለት አይተው አያውቁም ኖሮ ተሰብስበው ሲያሾፉብኝ ነበር።

አይሱዙው መንገዱ ያለቀበት ቦታ አራገፈንና በእግር ጀመርን። ዳገቱን ልገልጸው አልችልም፤ አዳማን ከነሕንፃዎቿ አንድ ላይ ብትደራርቧት ወገቡ አትደርስም። አየሩ ይቀጥናል። የእህሉ ማሳ አለቀና ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ሆነ። ፋሷን ወገቤ ላይ አስሬያታለሁ፤ መኖሯንም እረሳው ነበር። ያን ምሳር ይዤ ቢሆን ከመንገዱ እኩሌታ አልደርስም ነበር።

ጫፍ ልንደርስ ስንል አንድ ሰው መሣሪያውን ይዞ ከድንጋይ ጀርባ ወጣ። የደን ጠባቂ ነው።

«ፋሱን ወዲህ በል!» አለኝ። «አስታ ልትጨርሱ ነው የመጣችሁ? ከሰል አክሳዮች!»

ልመልስ አፌን ስከፍት አያ ይመር ክንዴን ያዙኝ። ሰላምታ ሰጥተው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ተናግረው፣ ስለ እንድሪስ ነገሩት። ጠባቂው አፎቷን ገልጦ ፋሷን አየ፤ መለሰልኝ።

«እርጥብ አትንኩ። ከዋሻው በላይ በእሳት የተመታ ደረቅ አለ፤ እሱን ውሰዱ» አለ። ከከረጢቱ የገብስ ቆሎ ዘግኖ መዳፌ ላይ አፈሰሰ። «ቅዳሜ ትመለሳላችሁ? ዋሻው ጋ እጠብቃችኋለሁ። አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ።»

ዋሻው ዋሻ ለማለት ያህል ነው፤ የተንጠለጠለ አለት ሆኖ በአንድ ወገን በድንጋይ ካብ ተዘግቷል። ጀምበር ሳትገባ ቆረጥን። ደረቅ አስታ ቀጭን ቢመስልም ልቡ ብረት ነው። ፋሷ ግን ትነክሳለች። አያ ይመር ተቀብለውኝ ጥቂት ከመቱ በኋላ ዛቢያዋን አገላብጠው አዩና «ምንም አትል» አሉ። ከእሳቸው ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ለዚያ ምሽት የሚበቃን ቶሎ ተቆረጠ። አላቆምንም። ለመልሱ፣ ለእንድሪስና ለተሸካሚዎቹ፣ ሌላ ትልቅ ክምር ቆረጥንና ከዋሻው ጥግ፣ ጤዛ ከማይነካው ቦታ ደረደርነው። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ የነበረው መቼ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያኔ ነው።

ሐሙስ

ስንነሳ ሣሩ ሁሉ ነጭ ነው። ፂሜ ላይ ትንፋሼ ደርቆ ቀርቷል። በሶ በጥብጠን ጠጣንና ሜዳውን አቋረጥን። ከሰዓት በኋላ መንደሩ ታየ፤ ጥቂት ቤቶች ገደል አፋፍ ላይ ተጠጋግተዋል። አንዳንዶቹ አዲስ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ ከዐረብ አገር በመጣ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው፤ በራቸው ግን ተቆልፏል። ጭስ የሚታየው ከሣር ቤቶቹ ነው። ዘሀራ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች፤ ያዝኳት።

እንድሪስ አለ። ከግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል፤ መተኛት ያፍነዋል። ጅዳ ላይ እኔን አዝሎ የሮጠው ትከሻ የኮት መስቀያ መስሏል። የደንበኛ ልክ ስወስድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልኩን ሳላስብ ወሰድኩና ራሴን ጠላሁት።

«ታዴ» አለ። «ያ እግር ይህን ሁሉ ዳገት ወጣ?»

«አንተን ለመስደብ ነው የወጣው። ምን ሆነህ ነው ሰው የምትመልሰው?»

ሳለ። ዘሀራ አፉን ጠረገችለትና ጨርቁን ከዓይኔ ደበቀችው።

«ሽማግሎች ናቸው፤ ሜዳውን አይተኸዋል» አለ። «ባለፈው ዓመት አንዲት ወላድ ይዘው ወርደው፣ እሷ ዳነች፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳንባው ተመትቶ ሞተ። በኔ ምክንያት አይደገምም።»

«እንጨት ቆርጠን ቆልለናል» አልኩት። «ዋሻው ውስጥ። ደረቅ አስታ፤ እስከ ጣሪያው። ሰው ሁሉ የሚሞቀው። የሚበርደው የለም እንድሪስ፣ በእናቴ።»

አያ ይመርን አየ። እሳቸውም «ወላሂ፣ እውነቱን ነው» አሉ።

«በምን ቆረጣችሁት?»

ፋሷን ከአፎቷ አውጥቼ ሰጠሁት። መያዝ አልቻለም፤ ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። ብረቱና ዛቢያው የሚገናኙበትን በጣቱ ፈለገ፤ እንደኔው።

«እንደ መቀስ ነው የመረጥካት» አለ። ፊቱ ላይ የድሮው ሳቅ መጣ። «እሺ። ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ውሰዱኝ። ጅዳ ላይ ምን ያህል እንደከበድከኝ አልረሳሁትም፤ አሁን ተራህ ነው።»

ወጥቼ አለቀስኩ፤ በደስታ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሁለት ቀጥ ያሉ ባሕር ዛፎች ጥለን የቃሬዛውን እንጨት ጠረብን። ሽማግሎቹ መጥተው ገመድ ፈተሉ፤ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚይዝ ተከራከሩ። ዘሀራ ከቤት ወጥታ «ድምፁን እየሰማ ነው፤ ፋሷን በርቺ በሉልኝ ይላል» አለችን። የኩዌቱን ብርድ ልብስ አልብሰነው አደረ።

ዓርብ

ሊነጋጋ ሲል ዘሀራ ጮኸች።

ሽማግሎቹ ለመንገድ ታጥቀው መጥተው ነበር። ስንቃቸው በአንገታቸው ተንጠልጥሏል። አንድ በአንድ ስንቃቸውን አወረዱ። «ጁምዓ ሄደ፤ የታደለ ነው» አለ አንደኛው ሽማግሌ። ለእነሱ ማጽናኛ ነው። እኔን አላጽናናኝም። አንድ ቀን ቀድሜ ብመጣ፣ ያ ጎማ ባይፈነዳ፣ እያልኩ ግድግዳውን ስደበድብ አያ ይመር ጎትተው አወጡኝ።

መቃብሩ ተቆፈረ። የመንደሩ ሸህ፣ የመስጊዱን ሶላት የሚመሩት ሽማግሌ፣ «ርብራቡን የሚቆርጥ ፋስ ይምጣ» አሉ። ከአስከሬኑ በላይ፣ ከአፈሩ በታች የሚረበረብ እንጨት ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደግመው ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ከእያንዳንዱ ቤት ጓሮ የእንጨት ፍላጭ ይታየኛል፤ ፋስ የሌለው ቤት የለም።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ለሞተ ሰው አንድ ፋስ ይነፈጋል?»

አያ ይመር ወደ ዳር ወሰዱኝ። በዚህ መንደር ርብራብ የቆረጠ ፋስ ወደ ምድጃ አይመለስም። ከዚያ ወዲያ እሳት እንጨት ቢቆርጥ እሳቱ ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ይጠራል ይላሉ። ስለዚህ መስጊዱ የራሱ ፋስ ነበረው። ባለፈው ቀብር ዛቢያው ተሰበረ። ዛቢያ የሚጠርበው ሰው ሪያድ ነው። አሁን አንዱ ቤት ፋሱን ከሰጠ፣ በዚህ ውርጭ፣ ቀጣዩ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ልጆቹ ያለ እሳት ናቸው።

«እኔ ራሴ የዘሀራን ልሰጥ ነበር» አሉ። «እሷን ደግሞ ሐዘን ላይ ያለ እሳት እንዴት ልተዋት?»

ንዴቴ እንደ ጤዛ ጠፋ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እዚህ መንደር ላይ የወደቀው ምሳር ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ጎረምሶቹን ቆርጦ የወሰደ። እነዚህ ሰዎች የቀሩት ጉቶዎች ናቸው። በጉቶ ላይ መጮኼ አሳፈረኝ።

ወገቤ ላይ ያለችውን ፈታሁ።

«ታዴ» አሉ አያ ይመር። «ይቺ ከዚህ በኋላ እሳት እንጨት አትነካም። እዚሁ መስጊድ ትቀራለች። ነገ ዋሻው ውስጥ በምን ልትቆርጥ ነው?»

«ተቆርጦ የለም ወይ?» አልኩ።

ሁለታችንም ወደ ሜዳው አየን። ክምሩን እያሰብን ነበር።

ርብራቡን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከጥድና ከባሕር ዛፍ፤ ወፈር ያለ ነበርና አያ ይመር እንዳሉት በአንድ ምት የሚበጠሰው በሦስት ነው የተበጠሰው። ሽማግሎቹ «አምጣ እናግዝህ» እያሉ ቀረቡ፤ አልሰጠሁም። ከባዱን ምሳር ይዤ ቢሆን ይህ እግር ቆሞ ሁለቱን እንኳ አይጨርስም ነበር። ቀላል በመምረጤ ለወንድሜ መቃብር በገዛ እጄ መቁረጥ ቻልኩ። በርቺ በሉልኝ ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

መስጊዱ የራሱ ቃሬዛ አለው። ዘሀራ ግን «በተሠራለት ይሂድ» አለች። ለሐኪም ቤት የጠረብነውን ቃሬዛ አነሳነው፤ የኩዌቱን ብርድ ልብስ ከላይ ጣልንበት። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ከቤቱ እስከ መቃብሩ። ተራዬን የተወጣሁት ያን ያህል ብቻ ነው። ሲሰግዱበት ራቅ ብዬ ቆሜ በራሴ ጸሎት ጸለይኩ። ከዚያ ርብራቡን እየተቀባበልን ደረደርነው። ሸሁ ፋሷን በሁለት እጃቸው ተቀብለውኝ መስጊዱ ጣሪያ ሥር ሰኳት። «ለእሳት የተገዛች ነበረች» አልኳቸው፤ ለምን እንደነገርኳቸው እኔንጃ።

«አላህ እሱን ከእሳት ይጠብቅባት» አሉኝ።

ቅዳሜ

ዘሀራ ጠዋት በገብስ ቂጣ ላይ ቅቤ ቀብታ ቋጠረችልኝ። «ዋሻው ድረስ ይሸኝዎ» ብላ አያ ይመርን ከሐዘኑ ላይ ለቀቀችልኝ። ሜዳውን አቋረጥን። ወገቤ ላይ ባዶው አፎት እየተወዛወዘ ጭኔን ይመታኝ ነበር፤ ፋሷ እያለች አንድ ቀን እንኳ አልተሰማኝም።

ዋሻው ጋ ስንቃረብ ጠባቂው በራፉ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ሰውም ይዞ መጥቷል፤ ጎረቤቱ ነው፣ ትከሻው ሰፊ። ሁለቱም ትከሻቸው ላይ የሚደለድሉት ጨርቅ አጣጥፈው ይዘዋል። ሁለት ሆነን ስንመጣ አዩን። ከኋላችን የሚመጣ ካለ አንገታቸውን አስረዝመው አዩ። ከዚያ የጠባቂው ዓይን ባዶ አፎቴ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ። ፋስ ይዞ ሄዶ ያለ ፋስ የተመለሰን ሰው እዚህ አገር ማንም ምን ሆነህ ብሎ አይጠይቀውም። ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ፤ ክርስቲያን መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጨርቃቸውን ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

እንጨቱ እንደደረደርነው አለ፤ ማንም አልነካውም። ቀኑ እየጨለመ፣ ውርጩ ከመሬት እየወጣ ነበር። እኔ መንካት አልቻልኩም። አያ ይመር ቆመው ጠበቁኝ፤ ጣቶቼ መታጠፍ እምቢ እስኪሉኝ ድረስ። ከዚያ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ጥቂት መዘዙና ለኮሱት። አስታ ሲነድ ሽታው ደስ ይላል። እጄን ዘረጋሁ። ሞቀኝ፤ ለእሱ ተብሎ የተቆረጠ እሳት እኔን ሲያሞቀኝ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ለሁለት ሰው ብዙ እንጨት አያስፈልግም። ሲነጋ ክምሩ ገና ከወገብ በላይ ነበር። መሄጃችን ደርሶ አፎቱን ስፈታው አያ ይመር የተረፈውን አንድ በአንድ ወደ ጥጉ መልሰው ደረደሩት፤ ጤዛ እንዳይነካው ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑበት።

«ይቀመጥ» አሉ። «ከዚያ መንደር የሚወርድ በሽተኛ አይጠፋም።»

አፎቱን ክምሩ ላይ ትቼው ወረድኩ።